ጭሱ ዞረ!

በእኛ ሰፈር ነፋስ በየት በኩል እንደሚነፍስ የሚነግረን ሬዲዮ አይደለም፤ ንስሯ ናት። ንስሯ አብራኝ ልብስ የምታጥብ ጎረቤቴ ናት። ዓይኗ ከሩቅ ስለሚያይ ነው ይህን ስም ያወጣንላት፤ የገዛ ልጆቿ ሳይቀሩ በዚሁ ነው የሚጠሯት።

ልብስ የምናሰጣበት ሜዳ ከፍታ ላይ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ ትምህርት ቤቱ አለ፤ ከትምህርት ቤቱ ወዲያ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ በድንጋይ ከሰል የሚሠራው ኃይል ማመንጫ አለ። መብራታችን ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ጥቀርሻችንም ከዚያው። ነፋሱ ወደ ማዶ የነፈሰ እንደሆነ እኛ ሰላም ነን፤ ነጩ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ዕለት ግን ንስሯ የያዘችውን ትታ ትነሳና «ዞረ!» ብላ ትጮኻለች። ያኔ ማን ነሽ፣ ምን ይዘሻል የለም። ልጅ እያጠብሽ ከሆነ ልጁን ከነሳሙናው ትተሽ ትሮጫለሽ። ከባልሽ ጋር እየተጣላሽ ከሆነ ጠቡን ለማታ ታሳድሪዋለሽ። የዘገየች ሴት የክሊኒኩን አንሶላ ሁሉ እንደገና በበረኪና ትዘፈዝፋለች።

«ዞረ!» ለእኔ ሌላ ሥራም ነበረው። አንሶላውን ካስገባሁ በኋላ ወደ ቤት ሮጬ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ጭሱ በስንጥቁ እንዳይገባ እርጥብ ጨርቅ እጋርድበታለሁ። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ባሌ አለ።

ባሌ ጸጉር አስተካካይ ነበር። «ነበር» ስል ከሰማኝ ይቆጣል። «ነው በይ! መቀሱ አልሞተም» ይላል። ሱቁ ከገበያው መግቢያ ላይ ነበረች፤ ሰው ወደ እሷ የሚመጣው ጸጉሩ አድጎበት ብቻ አልነበረም፤ ሊስቅም ነው። ራሰ በራ ሳይቀር ተራ ይዞ ይቀመጥ ነበር። አንዴ አንዱ ሰውዬ ጢሙን እየተላጨ ስቆ ወንበሩን ይዞ ወደቀ፤ የጢሙ ግማሽ እንዳለ ሄደ፤ በማግስቱም ለግማሹ ሳይሆን ለቀልዱ መጨረሻ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ሳል ጀመረው። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው። ጉንፋን ግን እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ቆሞ መሥራት አቃተው፤ ሱቁን ዘጋ። የክሊኒኩ ሐኪም ሳንባውን በመሣሪያ አዳምጦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «የተጎዳው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል» አለን። በቱቦ የሚስበው መድኃኒት ሰጠው። ከሁሉ የከፋው ግን ሳቅ ነበር። ሲስቅ ሳሉ ይነሳበታል፤ ሳሉ ሲነሳበት ከንፈሩ ይጠቁራል። ስለዚህ እኔ በቤቴ ውስጥ ቀልድ ከለከልኩ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

«ዝም ብዬ ስቀመጥ ያንቺን ፊት አያለሁ። እሱም ያው ሳቅ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ኋላ ትሞትብኛለህ!»

«እሱንስ ካላስፈቀድኩሽ አልሞክረውም።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ትከለክይዋለሽ፤ ክልከላውን ራሱን ቀልድ ያደርግብሻል።

አንድ ቀን ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀ። ሐኪም መነጽሩን ሲያወልቅ ደግ ነገር እንደማይናገር አውቃለሁ። «ወይ ጭሱ ከዚህ ይሂድ፣ ወይ እሱ ይሂድ» አለ። የባሌ እህት ሩቅ አገር፣ ተራራ ላይ ነው የምትኖረው። አየሩ ንጹሕ ነው፤ የተዘጋጀ ክፍልም አላት። እኔ ግን መሄድ አልችልም። እዚያ ማን ልብስ ያሳጥበኛል? በምን እንኖራለን? እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ መሆን ነው። ከተጋባን ጀምሮ እኔ ስወልድ ካልሆነ ተለያይተን አድረን አናውቅም።

«ሌላ መንገድ የለውም?» አልኩ።

«አንድ አለ» አለ ሐኪሙ። «ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ጭስ ማውጫቸው ላይ ማጣሪያ እንዲገጥሙ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀርቧል። ከዚህ በፊትም ቀርቦ ወድቋል፤ ስለዚህ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም። ኮሚቴው ግን ሰው ለማነጋገር እዚህ ድረስ ይመጣል። እስከ ነፋሱ ወራት ጠብቁ። ሕጉ ካለፈ እንነጋገራለን። ካላለፈ ግን፣ እህቴ፣ ባልሽን ሸኚው።»

ከክሊኒኩ ስንወጣ ባሌ ምንም አልቀለደም። ያን ቀን ነው የፈራሁት።

በማግስቱ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ቤት ለቤት ዞርኩ። እኔ ስለ ሕግ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ትምህርቴም ከፊደል ብዙ አልራቀም። ሰው ማስቸገር ግን እችላለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ እያንዳንዱን በር አንኳኳሁ። ልጇ በአስም የሚታፈንባት አለች፤ አባቷ በሳል ምክንያት ተቀምጦ የሚያድር አለች፤ ምንም የሌላትም አለች። ምንም የሌላትን «አንሶላ አለሽ አይደል? በቃ ጉዳዩ ያንቺም ነው» አልኳት። ሁሉም እሺ አሉኝ። እሺ ያላለኝ የገዛ ወንድሜ ብቻ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ኃይል ማመንጫው ውስጥ ከሰል አራጋፊ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበረ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ትከሻው በር አያስገባውም። ያን ቀን ማታ መጥቶ ሻይ ስሰጠው እንኳ አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ጉሮሮዬን ልትዘጊው ነው» አለኝ።

«የባሌ ጉሮሮ ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ማጣሪያ ግዙ ሲሏቸው ጥርቅም አድርገው ዘግተው ነው የሚሄዱት። አለቆቻችን ነግረውናል። ከዚያ እኔስ? ልጆቼስ?»

«አለቆችህ ስንቱን ነግረውሃል! ጭስ ለጉንፋን መድኃኒት ነው ያሉህስ?»

«እሱን ያሉት ለቀልድ ነው።»

«በዚህ ቤት ቀልድ ክልክል ነው» አለ ባሌ ከአልጋው ላይ፤ ፊቱን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጎ።

ወንድሜ ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው። «እኔም ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። ፊት ለፊትሽ ቆሜ እቃወማለሁ። ኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

«ተቃወም! ማን ያዘህ? ሸሚዝህን ግን አምጣና ልጠብልህ። እህት የሌለው መስለህ እንዳትቀርብ።»

አመጣ። አጠብኩለት፤ ተኮስኩለት። አንገትጌው ላይ ያለው የከሰል ጥላሸት ግን እንዲያ ፈትጌውም አለቀቀም።

እስከ ስብሰባው ድረስ ንግግሬን በሳፋ ላይ ጎንበስ ብዬ ተለማመድኩት። «ክቡር ሰብሳቢ ሆይ» እልና አንሶላ እጨምቃለሁ፤ «እኛ የልብስ አጣቢዎች» እልና ባልዲ እደፋለሁ። ንስሯ ታርመኛለች፤ «ሆይ አትበይ፣ እግዜርን ነው እንዴ የምታናግሪው?» ትለኛለች። ባሌም መናገር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ወዲያው ከለከልኩት።

«አንተ ትቀልዳለህ፤ ሰው ይስቃል፤ አንተም ትስቃለህ፤ ከዚያ ሳልህ ይነሳና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ዝም ብለህ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።»

«ተቀምጬስ?»

«እንዲያዩህ።»

«እንደ ዕቃ?»

«አዎ፣ እንደ ዕቃ!»

«እንግዲያው ጥሩ አድርገሽ ወልውለሽ አስቀምጪኝ» አለ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ነፋሱ ለብዙ ቀን ወደ ማዶ ሲነፍስ ስለሰነበተ ማንም አልሠጋም። ልብሱን ሁሉ፣ የክሊኒኩንም የእንግዳ ማረፊያዎቹንም፣ ሜዳው ላይ እንደ ተሰጣ ትተን ነው የወረድነው። አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ስለነበር ሙቀት ሆነ፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። አንዱ መስኮት ከድሮም መስታወቱ የተሰበረ ነው፤ ልጆች በኳስ የመቱት። ኮሚቴው ከፊት ተደርድሮ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ራሱ እንደ ሳህን የሚያበራ ራሰ በራ ነው፤ ከጎኑ አንዲት ቀጭን የምክር ቤት አባል አለች፤ ዳር ላይ ደግሞ የኃይል ማመንጫው መሐንዲስ። ባሌ ከፊት ወንበር ላይ በትሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ነጭ፣ ጢሙ የተላጨ። እኛ ሴቶቹ ከኋላው። ወንድሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ከግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ እኔ የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ እኔን ላለማየት ጣሪያውን እያየ።

«የልብስ አጣቢዎች ማኅበር ተወካይ!» አለ ሰብሳቢው።

ተነሳሁ። ወደ ፊት ሄድኩ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እንደ አንሶላ ጫፍ ጨምድጄ።

«ክቡር ሰብሳቢ» አልኩ። ሆይ አላልኩም።

ቀና ስል ከሰብሳቢው ራስ በላይ መስኮቱ አለ፤ በመስኮቱ ውስጥ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ጭስ ማውጫው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ማዶም አይሄድም፣ ወደ እኛም አይመጣም፤ የቤቱ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ አንገቱን ሰበር አደረገና ወደ እኛ መጣ።

ያ ሁሉ በሳፋ ላይ የተለማመድኩት ንግግር ከራሴ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ጠፋ። በማይክሮፎኑ፣ በሙሉ ድምፄ፣

«ዞረ!!!»

ጉድ ፈላ! ከኋላዬ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ንስሯ በመስኮት ነው የወጣችው፤ በሩ ሩቅ ሆነባት መሰለኝ። አንዷ የጎረቤቷን ጫማ አጥልቃ፣ ጎረቤቷ በባዶ እግሯ ሆና ጫማዋን እየተሳደበች፣ ሁሉም እግሬ አውጭኝ አለ። እኔስ? ክቡር ሰብሳቢውን ከነክብሩ ትቼ፣ ማይክሮፎኑን ወርውሬ፣ ከፊት ከፊት ሮጥኩ። እግሬ ራሴን ሳይጠይቅ ነው የሄደው።

ሜዳው ላይ ደርሰን አንሶላውን ከገመድ ላይ እየገፈፍን እያለ ነው ንስሯ ድንገት ቆም ያለችው።

«አንቺ፣ ስብሰባውስ?»

ሁላችንም ቆምን። እርስ በርስ ተያየን። ለዚያ ቀን ሰው ለማሰባሰብ የለመንኩት፣ የተለማመጥኩት፣ ሁሉ ትዝ አለኝ። ኮሚቴው ሊሰማን ሩቅ መንገድ ተጉዞ መጣ፤ እኛ ግን ልብስ ልናስገባ ጥለነው ወጣን። ማልቀስ ይሁን መሳቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

«ባልሽስ?» አለች ሌላዋ።

«ውይ!»

መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ከገመዱ ላይ ገና ውሃው ያልተንጠፈጠፈ አንድ አንሶላ መንጭቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ቁልቁል ወረድኩ።

እኔ በሌለሁበት አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ፈጥሮ አያወራም፤ አይችልበትም፤ ስለዚህ እንደ ነገረኝ እነግራችኋለሁ።

እኛ ስንወጣ አዳራሹ ጭር አለ። ከሴቶቹ ወንበር ላይ አንድም የለም። ባሌ ብቻ ሮጦ መውጣት ስለማይችል በትሩን ይዞ እንደ ዕቃ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ባዶ ወንበሮቹን እያየ፣

«ምንድን ነው? ተቃውሞ ነው?» አለ።

«ተቃውሞ አይደለም ጌታዬ» አለ ባሌ። «አንሶላ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ጭሱ ወደ እኛ ዞሯል። ሚስቴና ጓደኞቿ አንሶላ ሊያስገቡ ሄዱ። ይመለሳሉ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔንም ማስገባት ነበረባት፤ ግን አንሶላው የክሊኒኩ ነው፤ እኔ የሷው ነኝ። የሰው ንብረት ይቀድማል።»

ቀጭኗ ሴት ሳቀች። ሰብሳቢው ሊስቅ አልፈለገም፤ ራሱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ባሌ ይህን ሲያይ አላስቻለውም።

«ጌታዬ፣ እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። እርስዎን ባገኝ በሙያዬ ምንም ልጠቅምዎት አልችልም። ስለዚህ በሕመሜ ልጥቀምዎት። አሁን ትንሽ ቢታገሡ ያዩታል፤ እኔ መንገር አያስፈልገኝም።»

እውነትም ትንሽ ቆይቶ ጭሱ ገባ። መጀመሪያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀጭኗ ሴት መሐረብ አወጣች። ከዚያ ጸሐፊው ተነስቶ መስኮት ሲዘጋ ሌላው የተዘጋውን ይከፍታል፤ ኮሚቴው በሙሉ ቆጡ እንደ ጠፋበት ዶሮ ተራወጠ። ባሌ በበትሩ «በዚያ በኩል! የለም፣ ግራውን!» እያለ ሲያዝዛቸው ሳቅ አመለጠው። ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰበት። ሳሉ አላቆም አለ።

ያኔ ነው ወንድሜ ከግድግዳው የተነሳው። እኛ ቤት ብዙ ይመጣል፤ ባሌ ሲያስል ሰምቶ ያውቃል። ጭሱ ሲዞር ግን እሱ ሁልጊዜ ወንዙ ማዶ ነው፤ ከጭሱ ሥር ነው የሚሠራው፣ ጭሱ የሚያርፍበት ቦታ ሆኖ አይቶት አያውቅም። የባሌን ኪስ ፈትሾ መድኃኒቱን አገኘለት። አንገቱን ደግፎ አሳበው። ሌሎቹን መስኮቶች ባልደረቦቹ ዘጉ። የተሰበረው መስኮት ግን የሚዘጋ አልነበረም፤ ጭሱ በእሱ ገባ።

እኔ እዚህ ላይ ደረስኩ። ማንንም አላየሁ። ወንበር ጎትቼ ወጣሁና እርጥቡን አንሶላ በተሰበረው መስኮት ላይ ጋረድኩት፤ ጫፉን መቃኑ ላይ ባሉት ምስማሮች ወጥሬ። ከዚያ ወርጄ ባሌ ፊት ተንበረከክሁ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ተመለሰ። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«አንሶላው ተረፈ?»

«አፍህን ዝጋ!» አልኩት፤ እያለቀስኩም እየሳቅኩም።

ሴቶቹ አንድ በአንድ፣ እያለከለኩ፣ ሳሙና እየሸተቱ ተመለሱ። ሰብሳቢው ውሃ ጠጥቶ ከተረጋጋ በኋላ፣

«እሜቴ፣ ንግግርዎን ይቀጥሉ» አለኝ፤ እንደዚህ በአክብሮት።

«ጠፍቶኛል» አልኩ። ጠፍቶኝም ነበር። «የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። አንሶላ ጥቀርሻ ቢነካው መልሼ አጥበዋለሁ። ሥራዬ ነው፤ አልማረርም። የሰው ሳንባ ግን አውጥቼ የማጥብበት ሳፋ የለኝም። ሕጉ ካለፈ ባሌ ከእኔ ጋር ይቀራል። ካላለፈ እህቱ ጋ ይሄዳል። እኔ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው።» ሄጄ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የወንድሜ ተራ ነበር። ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ።

«እኔ ልቃወም ነበር የመጣሁት» አለ። «አሁን ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። መሐንዲሱ በሰው ፊት ይመልስልኝ። ማጣሪያው ከተገጠመ እኛ ከሥራ እንወጣለን ወይስ አንወጣም?»

መሐንዲሱ ተነሳ። ጭምት ነገር ነው፤ ድምፁም ቀስ ያለ። «ማመንጫው መብራት መስጠቱን አያቆምም፤ ከሰሉም መራገፉን አያቆምም። ማጣሪያው እንዲያውም የሚጠብቀው፣ የሚጠርገው፣ አመዱን የሚያወጣለት ሰው ይፈልጋል። ሌላ ቦታ ተገጥሞ አይቻለሁ። የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ ብቻ ነው እዚህ ያልተገጠመው።»

«ረቂቁም ለባለቤቶቹ የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣቸዋል» አለች ቀጭኗ ሴት።

ወንድሜ አንገቱን አከከ። «እንግዲያው እኔ ይህን ሁሉ ቀን ስቃወም የነበረው ምኑን ነው?»

«እህትህን» አለ ባሌ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የወንድሜ ባልደረቦች ከሁሉ በላይ ሳቁ። ባሌ ራሱ ግን አፉን በመዳፉ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ሳይስቅ ቀረ፤ እኔ በዓይኔ አስሬው ስለነበር ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ መስኮቱ ላይ የጋረድኩትን አንሶላ አወረድኩ። ውጪውን በኩል አይቼው ተናደድኩ፤ እንደ ምድጃ ጨርቅ ግራጫ ሆኗል። ሰብሳቢው መጥቶ አየው፤ በጣቱም ነካው፤ ጣቱንም አየው።

«ይህንን ምክር ቤት ይዤው ልሂድ» አለኝ።

«አይሆንም።»

«ማስረጃ እኮ ነው፣ እሜቴ።»

«ማስረጃ ይሁን፣ የክሊኒኩ ነው። ቆጥረው ነው የሰጡኝ፤ ነጭ አድርጌ ነው የምመልሰው።»

«ለሕጉ ይጠቅማል እያልኩሽ!» ሰውየው ከንዴቱ የተነሳ አንቺ ማለት ጀመረ። እሱ በአንዱ ጫፍ ይጎትታል፣ እኔ በሌላው።

«ጌታዬ» አለ ባሌ ከወንበሩ፣ «በከንቱ አይድከሙ። ባሏን ይጠይቋት፤ እሱን ትሰጥዎታለች።»

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ኮሚቴው ያን ማታ በከተማው ውስጥ ያድራል። እኔ ከራሴ አልጋ ላይ የራሴን አንሶላ ገፍፌ ሜዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ጭሱም እስኪነጋ ያጠቁረው ዘንድ ተውኩት። ጠዋት ጠቅልዬ ለሰብሳቢው ሰጠሁት። ንስሯ ባየችኝ ጊዜ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ሆን ብሎ የሚያቆሽሽ አጣቢ አይታ አታውቅም።

ሕጉን ያሳለፈው አንሶላዬ ነው አልልም። ሌላም ቦታ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ ሐኪሞች ሄደዋል፤ ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ እናቶች አሉ። ድምፅ የተሰጠ ዕለት ግን እኛ ሁላችን የማኅበራችን ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን ሥራ ትተን ቆመን ነበር። እጃችን እስከ ክርን አረፋ ነው። አንዱ ሰውዬ ስለ አንቀጽ ብዙ ተናገረ፤ ምንም አልገባንም። «ደጋፊ» ብሎ አንድ ነገር አለ፤ «ተቃዋሚ» ብሎ ሌላ ነገር አለ። ንስሯ «የትኛው በለጠ? የትኛው?» እያለች ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። ከዚያ «ረቂቁ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» አለ።

እልል ብለን ጣሪያውን ነቀልነው። አንዷ ባልዲ ሙሉ ውሃ ራሴ ላይ ደፋችብኝ፤ እኔም ሳሙና ይዤ አባረርኳት። ወንድሜ ከሥራ ሲመጣ፣ ፊቱ ከሰል፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ፣ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ!» ሲል ሴቶቹ ይዘው ከነልብሱ ሳፋ ውስጥ ከተቱት። ባሌ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨበጨበ፤ በሁለት እጁ፣ በቀስታ፣ ትንፋሹን እያብቃቃ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሙ ጋ ሄድን። ሕጉ ማጣሪያው እስኪገጠም ድረስ እንኳ ነፋሱ ወደ ከተማ በሚዞርባቸው ቀናት ማመንጫው እሳቱን እንዲቀንስ ያዝዛል። ሐኪሙ ደጋግሞ አዳመጠው። መነጽሩን አላወለቀም።

«ሳንባህ አዲስ አይሆንም» አለው። «መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወስዳለህ። ጭሱ በሚብስበት ቀን ከቤት አትወጣም። ግን እዚህ መቅረት ትችላለህ።»

ወደ ቤት እንደ ተመለስን ለእህቱ ስልክ ደወልኩ። ክፍሉን ቀለም አስቀብታ፣ ፍራሽ ገዝታ ስትጠብቅ ነበር።

«ወንድምሽ አይመጣም» አልኳት።

«ምነው? ምን ሆነብኝ?»

«ምንም አልሆነም። ሕግ ወጣ።»

ተቆጣች። እሷም እንደ እኔ ናት፤ ችክ ያለች ሴት። «ሕግ ወጣ ተብሎ እህት ይረሳል? እንግዲያው እኔ እመጣለሁ። መጥቼ እዚያው ተቀምጬ አስታምመዋለሁ። አንቺ ከልብስ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«ነይ» አልኳት፤ ጥርሴን ነክሼ። «ቤትሽ ነው።»

ባሌ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። ትራሱን ደገፍ ብሎ፣ «ኃይል ማመንጫው ማጣሪያ ይገጥማል» አለ። «ለእህቴ የሚገጠም ግን ሕጉ ውስጥ አለ?»

ሳቅሁ። አፌን በአንሶላ ጫፍ ይዤ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ አሳለም፤ ግን ትንሽ ነበር፤ በራሱ ቆመ። ስልኩ ውስጥ እህቱ «ምን ተባባላችሁ? ምን አላችሁኝ?» ትላለች።

«ራስህ ንገራት» አልኩና ስልኩን ሰጠሁት። እኔ ወደ ሜዳው ወጣሁ፤ ፀሐዩ ጥሩ ነበር፤ የሚሰጣ ልብስም ነበረኝ።